ቼስ ያንግን የመዘንኩበት ደብተር

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ዋሽንግተን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ በ2ኛ ተራ የዳር ተከላካዩን ቼስ ያንግን ሲወስድ ቤት ውስጥ ሆኜ ጮህኩ። ልጁ ያደገው እዚሁ እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እያለ በ2019 ብቻ 16.5 ሳክ ነበረው። ለማያውቅ ሰው፣ ሳክ ማለት ኳስ ወርዋሪውን (ኳርተርባኩን) ገና ኳሱን ሳይወረውር መጣል ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን በ7.5 ሳክ ጨረሰና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። እኔም በቃ፣ ምርጫው ሠምሯል ብዬ ፈረድኩ።

የማየው ቁጥር ብቻ ነበር።

ዓይኔን የገለጠልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሃይስኩል ውስጥ ኦፌንሲቭ ታክል ይጫወታል፤ እንደ ያንግ ያሉትን የማቆም ሥራ የሱ ነው ማለት ነው። በ2021 አንድ እሁድ አብረን ስናይ “አጎቴ፣ ኳሱን ተወውና እግሩንና እጁን እይ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ጨዋታ ሦስቴ ማየት ጀመርኩ። ኡበር ስለምሠራ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደላስ ኤርፖርት መኪና አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፋለሁ፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ነው፣ በአውራ ጣቴ እያቆምኩ እየመለስኩ አያለሁ። መጀመሪያ ኳሱ ሲነሳ የሚወስዳትን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ። ቀጥሎ እጁን፦ ታክሉ ደረቱን ሲይዘው ምን ያህል ቶሎ መትቶ ያስለቅቃል? በመጨረሻ ኳሱ ለሯጭ የተሰጠባቸውን ብቻ። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ “አሸነፈ”፣ “ተሸነፈ”፣ “ቦታውን ለቀቀ”።

ብዙ የተማርኩት ከሦስተኛው ዓምድ ነው። የዳር ተከላካይ ኳርተርባክ ከማሳደድ ሌላ ዳሩን መዝጋት አለበት። ቸኩሎ ወደ ውስጥ ሲገባ በውጭ በኩል በር ይከፈታል፣ ሯጩ ወይም ራሱ ኳርተርባኩ በዚያች ሹልክ ይላል፣ የሳክ ቁጥር ላይ ግን ይሄ የትም አይጻፍም። የ2021 ገጽ ላይ ያ ዓምድ ሲሞላ ከልቤ ከፋኝ፤ ልጁን እወደዋለኋ።

በኖቬምበር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2022 የተሰለፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። እነዚህን ወራት ከሚዛኑ አውጥቻቸዋለሁ፤ መጎዳት ጥፋት አይደለም፣ ችሎታን ለመመዘንም አይሆንም። በኦክቶበር 2023 በአንድ የድራፍት ሦስተኛ ዙር ተራ ተለውጦ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ።

በዋሽንግተን የመሀል ተከላካይ በዳሮን ፔይን ደግሞ የተሳሳትኩት በተቃራኒው ነው። በ2018 በ13ኛ ተራ መጣ፣ እስከ 2021 በየትኛውም ዓመት ከ5 ሳክ አላለፈም፣ እኔም ተራ ተጫዋች አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የድሮ ጨዋታዎቹን መልሼ ሳይ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። እሱ መሀል ላይ ከሁለቱ ጋር ሲታገል አጠገቡ ያለው አንድ ለአንድ ይቀራል፤ ስሙ የሚጠራው ያኛው ነው። በ2022 ፔይን ራሱ 11.5 ሳክ አስመዘገበ።

በ2024 በ36ኛ ተራ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጄርዛን ኒውተን መጣ። እሱም የሚጫወተው መሀል ላይ ነው፤ ገና የመጀመሪያ ጨዋታውን ሳያደርግ ሁለቱም እግሮቹ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። ለሱ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። በሦስቱ ዓምዶች ላይ አራተኛ ጨምሬያለሁ፦ “ሁለት ሰው ያዘው”።