ከሸዋሮቢት እስከ ጣርማ በር፦ የነዳጅ ማፕ ቶሎ የማስተካከል ልምዴ

ስፒዱኢኖ የገጠምኩለት ኮሮላ አሁን ሜዳም ዳገትም ላይ ሳይንገጫገጭ ይሄዳል። ማፑን እንዴት ቶሎ እንደጨረስኩት የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ አንድ ላይ ልጻፈው። ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ ነው፤ 1587 ሲሲ፣ ቱርቦ የለውም። መኪናው የሚያድረው ደብረ ብርሃን ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ከምነግራችሁ ግማሹ ከከተማው ከፍታ የመጣ ነው።

ስፒዱኢኖን ለማታውቁ፦ በአርዱኢኖ ሜጋ 2560 ላይ የሚሠራ፣ ሶፍትዌሩም ሰርኪቱም ለማንም ክፍት የሆነ ኢሲዩ፣ ማለትም የሞተሩን ቤንዚንና እሳት የሚያዝ ኮምፒውተር ነው። ሞተሩ የሚስበውን አየር በቀጥታ አይለካም። የማኒፎልዱን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቱቦ) ግፊት፣ የሞተሩን ዙር እና የሚገባውን አየር ሙቀት አይቶ ያሰላል። የነዳጅ ማፑ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚሰጥ የሚወስን 16 በ16 ሠንጠረዥ ነው፤ በአግድም ዙር፣ በቁም ግፊት። 256 ሳጥን ማለት ነው። አንድ በአንድ ልነካካ ያለ ሰው ቤንዚኑም ትዕግሥቱም መሀል ላይ ያልቃሉ።

ሁሉም የሚሮጠው ማፑን በራሱ ወደሚያርመው አውቶ ቱን ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ማፑን በላፕቶፕ የምናስተካክልበት ቱነርስቱዲዮ ውስጥ ያለው ጥሩ ነው። ግን ጊዜ የሚቆጥበው እሱ አይደለም። ጊዜ የሚቆጥበው እሱን ከማብራታችሁ በፊት የምትሠሩት ነው።

መጀመሪያ ኢንጀክተር፣ ቤንዚኑን የሚረጨው። ኢንጀክተር ኮረንቲ ስለደረሰው ብቻ ወዲያው አይከፈትም። እስኪከፈት ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ያባክናል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ ይብሳል። ዴድ ታይም የሚሉት ይህንን ነው። ሚኒሞ ላይ (መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ኢንጀክተሩ ትእዛዝ የሚያገኘው በጠቅላላው ለ2 ወይም ለ3 ሚሊ ሰከንድ ነው። እዚያ ላይ 0.3 መሳሳት ከ10 በመቶ በላይ መሳሳት ነው። ሙሉ ጭነት ላይ፣ 10 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ ያው 0.3 እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ዴድ ታይሙ ከተሳሳተ የሠንጠረዡ ታችኛው ክፍል ውሸት ተሸክሞ ይቀራል፤ ስታስተካክሉት ስታፈርሱት ትከርማላችሁ። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ቆሞ ሳለ የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን አብሩ። ቮልቴጁ ወርዶ ላምዳው (የአየርና የቤንዚን ድብልቁ መለኪያ፤ 1 ልክ፣ ከ1 በላይ ቤንዚን ያነሰው፣ ከ1 በታች የበዛበት) አብሮ ከሸሸ ሳጥኑን አትንኩ። የዴድ ታይሙን ሠንጠረዥ አስተካክሉ።

ቀጥሎ ሴንሰር። ከፋብሪካ የመጣው ኦክስጅን ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ድብልቁ ከላምዳ 1 በላይ ነው ወይስ በታች፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም። ከ1 ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ያስፈልጋል። እኔ የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው ያሰርኩት። ከሱ በፊት የጭስ መስመሩ ላይ የሚተነፍስ ቦታ ካለ የውጭ አየር ይገባና ሞተሩ ቤንዚን ያነሰው ያስመስላል። ማፏጨት ከሰማችሁ መጀመሪያ ብየዳ ቤት፣ ከዚያ ላፕቶፕ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት አዛውንት መካኒክ ላፕቶፑን ብዙም አያምኑትም። «ልጄ፣ ካንዴላውን ነቅለህ እየው» ይሉኛል። «እሺ ጋሼ» ብዬ እነቅላለሁ። እውነታቸውን ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ጭልጥ ብሎ ከነጣ አንሶታል። ዋይድባንዱ የሚዋሽ ከሆነም የሚያጋልጠው ካንዴላ ነው። ግን የሚነግረኝ የጉዞውን አማካይ ነው። በ2,800 ዙር፣ በ60 ኪሎ ፓስካል ምን እንደተፈጠረ አይነግረኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው ሳጥኑን አንድ አንድ እየጨመረ፣ እየቀነሰ ይሞክራል። አያስፈልግም። የድሮውን ቁጥር በተለካው ላምዳ አባዙት፣ በተፈለገው ላምዳ አካፍሉት። ሳጥኑ 60 ቢሆን፣ የፈለጋችሁት 1.00 ሆኖ የተለካው 1.10 ቢሆን፣ አዲሱ ቁጥር 66 ነው። ሙሉ ቤንዚን ላይ 0.87 ፈልጋችሁ 0.80 ቢመጣ፣ 70 የነበረው ወደ 64 ይወርዳል። በአንድ ምት ትደርሳላችሁ፤ ዴድ ታይሙ ልክ ከሆነ ማለት ነው። ሎጉን (በጉዞ ላይ የተቀዳውን መረጃ) ኤክሴል ላይ አውጥቶ ለሠንጠረዡ ሁሉ በአንዴ መሥራትም ይቻላል። አውቶ ቱን የሚያደርገውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ ኢሲዩው ራሱ በኦክስጅን ሴንሰር የሚያደርገውን ማረሚያ አጠፋለሁ፤ ሁለት ሰው አንድ መሪ ሲይዝ አልወድም። በላምዳ የምሠራውም በምክንያት ነው፤ ቤንዚኑ ኤታኖል ቢቀላቀልበት 14.7 የምትሉት ቁጥር (ለአንድ እጅ ቤንዚን የሚያስፈልገው አየር በክብደት) ይለወጣል፣ ላምዳ 1 ግን ያው ላምዳ 1 ነው።

ከሎጉ ብዙ እጥላለሁ። ሞተሩ 70 ዲግሪ ሳይሞላ የተቀዳ ይጣላል። ማርሽ ሲቀየር፣ ቤንዚን መስጫው በድንገት ሲረገጥ ወይም ሲለቀቅ የተቀዳም ይጣላል። ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ዙሩ ዝቅ ሲል ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ ዙርና ግፊት ለጥቂት ሰከንድ ያልረጉበት መረጃ የሌላ ሳጥን ወሬ ነው የሚያመጣው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሀል ሲነዱ የዋሉበት ሎግ አንድ ረጋ ያለ ዳገት አያህልም።

እዚህ ጋ ነው የኛ አገር መልክዓ ምድር የሚጠቅመው። የሚያስቸግረውም እዚሁ ጋ ነው።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጡትም ከዚያ አያልፍም። ከኢንተርኔት የምታወርዱት ማፕ ግን እስከ 100 ድረስ በእኩል ርቀት የተከፋፈለ ነው። የላይኞቹ መደዳዎች እዚህ ከተማ ውስጥ ምንጊዜም አይነኩም። እኔ መደዳዎቹን እንደገና ከፋፈልኳቸው። ከ25 እስከ 75 ያለውን አጠጋጋሁት፤ ከዚያ በላይ 80፣ 90 እና 100 ብቻ ተውኩ። የሚሠራበት ቦታ ላይ ብዙ ሳጥን፣ የማይሠራበት ላይ ጥቂት።

የማይነኩትን ግን ባዶ አትተዉ። ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቷ ወደ 87 ነው። ደጋ ላይ ተስተካክሎ ያለቀ የመሰለ መኪና ቆላ ወርዶ ሙሉ ቤንዚን ሲረገጥ፣ ማንም አይቶት የማያውቀው መደዳ ላይ ይወድቃል። አየሩ ከባድ፣ ሙቀቱ ከባድ፣ ቤንዚኑ ደግሞ ምናልባት ያነሰ። ሞተር የሚያንኳኳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመውረዴ በፊት የላይኞቹን መደዳዎች ከታችኞቹ አካሄድ ገምቼ፣ 5 በመቶ ያህል ቤንዚን ጨምሬ እሞላቸዋለሁ። የእሳቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ጥቂት ዲግሪ አዘገያለሁ። ቆላ ደርሼ በሎግ ሳረጋግጥ ትርፉን እቀንሳለሁ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው በመመለሻው ነው። ከሸዋሮቢት ተነሥቶ በአርማንያና በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በር ዋሻ እስኪደርስ ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወጣል። እኛ ጋ ዳይኖ (መኪናውን ባለበት አቁሞ፣ ጭነት እየሰጠ የሚለካ ማሽን) የለም፤ ይሄ ዳገት ግን ነጻ ዳይኖ ነው። በሦስተኛ ማርሽ 2,500 ዙር ላይ እይዛለሁ። መንገዱ ሲከብድ እጨምራለሁ፣ ሲቀል እቀንሳለሁ፤ ዙሩ ባለበት ይቆያል፣ ግፊቱ ብቻ ይወጣል ይወርዳል። በዚህ መንገድ የ2,500 ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይሞላል። ቀጥሎ 3,000። ላፕቶፑን የሚይዘው ጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ሹፌር ስክሪን አያይም። ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ ወይም ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ዙር መያዙን ትቼ እንደ ሰው እነዳለሁ። ቁጥር የምንቀይረውም ዳር ይዘን ቆመን ነው።

አሁን የምነግራችሁ፣ ማንም ስላልነገረኝ፣ ብዙ ያሰለቸኝን ነገር ነው። ስፒዱኢኖ ለብቻው የባሮ ሴንሰር ከሌለው የውጭውን የአየር ግፊት የሚያነበው ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ከዚያ በዚያው ይጸናል። ሸዋሮቢት ላይ 87 ብሎ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከ70 በታች ሲሆን እሱ አሁንም 87 ነው የሚለው። በማኒፎልድ ግፊት በሚሠራ ማፕ፣ ከፍታ ላይ ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ በዚያው ግፊት ትንሽ ተጨማሪ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። በመስጫው መከፈት ብቻ የሚሠራ ማፕ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፍታ ላይ ቤንዚኑ መቀነስ አለበት፣ ያውም በብዙ።

ምልክቱ ይሄ ነው፦ አንድ ሳጥን፣ ለምሳሌ 2,500 ዙርና 60 ኪሎ ፓስካል፣ ታች ሲሆን ልክ፣ ላይ ሲሆን ሁሌ ቤንዚን ያነሰው ከሆነ ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም። አውቶ ቱን ግን ይህን አያውቅም። ሲወጣ ይጨምራል፣ ሲወርድ ይቀንሳል፣ ስትመላለሱ ይመላለሳል። መፍትሔው የባሮ ሴንሰር ነው። እስክታገኙ ድረስ ደብረ ሲና ላይ ለሻይ ስትወርዱ ሞተሩን አጥፍታችሁ አስነሡት፤ እንደገና ያነባል።

ሸዋሮቢት ላይ ምሳ በልታችሁ ስትነሡም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጣሉ። የአየር ሙቀት መለኪያው ከሞተሩ ትኩሳት ወስዶ የገባውን አየር ከሆነው በላይ ትኩስ አድርጎ ያነባል፤ ኢሲዩው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ላምዳው ይሸሻል።

ምንም ዘዴ ያላገኘሁለት የጠዋቱ ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ሌሊቱን በደንብ የሚቀዘቅዘው አንዴ ነው፤ በቀን አንድ ሙከራ ብቻ ነው የምታገኙት፣ ማፋጠን አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው ሁልጊዜ ከቁልፉ በፊት ሎግ ማስጀመር ነው፤ እና በዚያ ሰዓት የነዳጅ ማፑን ጨርሶ አለመንካት፣ የማሞቂያውን ኩርባ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚጨመረውን ቤንዚን) ብቻ መነካካት። የኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ልክ ነው፣ ከ10 በታች ገና ይንገጫገጫል። ከእናንተ ውስጥ በዚህ ብርድ 4ኤ ያስተካከለ ካለ ኩርባውን ቢልክልኝ ደስ ይለኛል። የባሮ ሴንሰር ከአሮጌ መኪና ነቅላችሁ የተጠቀማችሁም ከየትኛው እንደሆነ ንገሩን።