ለ648 ሊትር የተክል ገንዳ መብራት ስመርጥ

ገንዳው 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ስፋትና 60 ከፍታ አለው። እስከ አፉ ቢሞላ 648 ሊትር ውኃ ይይዛል። መስታወቱን ያሠራሁት፣ የብረት መቆሚያውን ያስበየድኩት፣ አሸዋውን ደጋግሜ አጥቤ ያነጠፍኩት በሁለት ወር ውስጥ ነው። ትክክለኛውን መብራት ለማግኘት ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ዓይነት መብራት ሰቅዬ ሁለቱን አውርጃለሁ፤ ብዙ ተክልም ሞቶብኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ የተክል አኳሪየም ለማቆም የሚያስብ ሰው ቢያንስ ገንዘቡና ተክሉ እንዲተርፍለት የሆነውን ሁሉ እነግረዋለሁ።

ስጀምር ዓይኔን የሞሉት የታካሺ አማኖ ፎቶግራፎች ነበሩ። እኚህ ጃፓናዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የራሳቸውን ድርጅት መሥርተው፣ የውኃ ውስጥ ተክልን እንደ መልክዓ ምድር መትከልን ለዓለም ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሸፈነ ለምለም ሣር፣ ከኋላው ቀያይ ቅጠል፣ ከላይ ደማቅ ብርሃን። እኔ ከፎቶግራፉ የወሰድኩት ደማቁን ብርሃን ብቻ ነበር። በዚያ ገንዳ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀኑን ሙሉ ከሲሊንደር እንደሚገባና ማዳበሪያም እየተለካ እንደሚጨመር አላሰብኩም።

ስለዚህ መርካቶ ሄጄ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት የኤልኢዲ ፓውዛዎች ገዛሁ። ከገንዳው በላይ ሰቅዬ ሳበራቸው ሳሎኑ በሙሉ ነጋ። በቀን አሥር ሰዓት አበራኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት የፊቱ መስታወት አረንጓዴ አቧራ የተነፋበት መሰለ፤ በአራተኛው ደግሞ ጸጉር የመሰለ አልጌ ከእንጨቱ ላይ ተንዠርግጎ ቅጠሎቹን ተበትቦ ያዘ። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ማዕዘኖቹ ነበሩ። መሐል ላይ አልጌው ሲፈነጭ ማዕዘን ላይ የተከልኳቸው ተክሎች ብርሃን እንደተነፈጉ ሁሉ ቀጥነውና ገርጥተው ወደ መሐል አዘንብለዋል። ብርሃን በዝቶ ብርሃን ጎድሏል ማለት ነው፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱን ያገኘሁት ስለካ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለሥራው የሚጠቀምበትን የብርሃን መለኪያ አዋሰኝ፤ ዳሳሹ በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ በቀጭን ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ አስሬበት ወደ ወለሉ አወረድኩት። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ስድስት ነጥብ በሦስት ረድፍ፣ በጠቅላላው 18 ቦታ ለክቼ በካሬ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን ብርሃን እንዳረፈ የሚነግር ልኬት ነው። ከፓውዛው ትይዩ 7,000 ሉክስ፣ በሁለቱ መካከል 3,000፣ ማዕዘን ላይ 1,200። በአንድ ገንዳ ውስጥ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት! ያንን ወረቀት ሳየው የተክሎቹ ሁኔታ በሙሉ ተገለጠልኝ፤ ቁጥሮቹ ከቅጠሎቹ ቀለም ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነውና። በመብራት ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን የሚለካው በሰው ዓይን ነው። ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴና ቢጫን ስለሆነ ሉመን ለእነርሱ ያደላል። ተክል ለብርሃን አስተጻምሮ የሚጠቀመው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን የብርሃን ክልል ነው። የተክል ሰዎች ይህንን ፓር ይሉታል፤ መጠኑም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ማይክሮሞል እንዳረፈ ይቆጠራል። የፓር መለኪያ ውድ ነው። ለነጭ ኤልኢዲ ግን ሉክሱን ለ70 ማካፈል ለእኛ ሥራ የሚበቃ ግምት ይሰጣል። በዚህ ስሌት የእኔ ገንዳ መሐሉ 100፣ ማዕዘኑ 17 ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማይጨመርበት ገንዳ ወለል ላይ ከ20 እስከ 40 ይበቃል። 100 ማለት ሲሊንደር፣ ማዳበሪያና የዕለት ተዕለት ክትትል ላለው ሰው የሚሆን ብርሃን ነው።

ብርሃን ሲጨምር የተክሉ ረሃብም አብሮ ይጨምራል። ምግቡና ካርቦኑ ካልተከተሉ ተክሉ ይቆማል፣ የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይወርሰዋል። ይህንን ከተረዳሁ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። መጀመሪያ የምጠይቀው «ከሁሉ የሚያበራው የትኛው ነው?» ብዬ ነበር፤ አሁን ግን «እኔ በቋሚነት ማብላት የምችለው ስንት ነው?» ማለት ጀመርኩ። ሲሊንደር ማስሞላት በየጊዜው የማያሰጋኝ ሆኖ ስላላገኘሁት ትቼዋለሁ። ከእሱ ጋር ቀዩን ቅጠልና የሣር ምንጣፉንም ተውኩ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ የፎቶግራፉን ሕልም መተው ነበርና። ነገር ግን መብራቱን ለመምረጥ የቻልኩት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው መብራት ባለ 54 ዋት አራት ቀጫጭን ፍሎረሰንት ነበር፤ ቲ5 የሚባለው፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው። ስለ ፍሎረሰንት ክፉ አልናገርም። ረጅም ስለሆነ ብርሃኑን በእኩል ያሰራጫል፤ ለዓይንም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ዘንጉ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ገንዳዬ 180 ነው። ግራና ቀኙ 30 ሴንቲ ሜትር ጨለማ ቀረ። ዘንጎቹ እያረጁ ሲሄዱም ብርሃናቸው ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ዓይን ስለሚለምደው አይታወቅም። ምትኩን ሳፈላልግ ያው ዓይነት ቀለም አጣሁ። በመጨረሻም አንዱ ሲቀየር ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ መስኮት ከፍቼ፣ ልጆቹን አስወጥቼ፣ ስብርባሪውን በእርጥብ ወረቀት ለቀምኩ። ደግነቱ ገንዳው ውስጥ አልወደቀም። በዚያው ሳምንት አወረድኩት።

ሦስተኛውንና አሁን ያለውን የሠራልኝ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው የአሉሚኒየም ዘንጎች ላይ የተለጠፉ አራት የኤልኢዲ መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 36 ዋት። እኔ ሁሉንም በአንድ ትልቅ የኃይል ማስተካከያ (ድራይቨር) ላይ ለማያያዝ ነበር ያሰብኩት።

«ልጄ፣ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጨልምብሃል» አለኝ። «ለአራቱ አራት እናድርግ።»

«ዋጋው አይከብድም ጋሼ?»

«መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣውን ጉልበት ታውቀዋለህ። አንዱን መተካት ይሻልሃል ወይስ ሁሉን?»

በዓመቱ አንዱ ተቃጠለ። ሦስቱ በርተው ሰነበቱ፤ ተክሎቹም አላወቁትም። ከዚያ ወዲህ ከፊቱ ስታብላይዘር አስገብቻለሁ።

ኤልኢዲ አይሞቅም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ወደ ውኃው የሚልከው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ጀርባው ግን ይግላል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ዕድሜው ያጥራል። አሉሚኒየሙ ለውበት አይደለም። ክዳኑ ውስጥ አፍኖ ማስቀመጥም አይገባም። እኔ ከውኃው ገጽ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በቀጭን የብረት ገመድ ሰቅዬዋለሁ፤ ገመዱ የታሰረው ከጣሪያው እንጨት ጋር ነው እንጂ ከኮርኒሱ ጋር አይደለም፤ ቺፕውድ ይህን ክብደት አይሸከምም። ከፍ ማለቱ ብርሃኑን ያዳርሳል፣ እጅም እንደልብ ያስገባል። ጉዳቱ ሶፋ ላይ የተቀመጠን ሰው ዓይን መውጋቱ ነው፤ ለዚያ ዙሪያውን አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቆርቆሮ አስጠልዬበታለሁ።

ስለ ቀለሙ ብዙ ይባላል። እኔ 6,500 ኬልቪን መርጫለሁ፤ የቀን ብርሃን ስለሚመስል እንጂ ተክሉ ሌላውን ስለማይወድ አይደለም። ኬልቪን ብርሃኑ ለዓይን እንዴት እንደሚታይ ይነግራል፤ የተክል ቀለብ ልኬት አይደለም። ሰማያዊና ቀይ ብቻ የሚያወጣ ሐምራዊ መብራት ለተክል ይሻላል የሚለውንም አልቀበልም፤ ቅጠል ከአረንጓዴው ብርሃን የሚያንጸባርቀው ከፊሉን ነው እንጂ ቀሪውን ይጠቀምበታል፤ በሐምራዊ ብርሃን የታየ ዓሣና ቅጠል ደግሞ ቀለም የለውም። ይልቅ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ቀለምን በትክክል በሚያሳይ ኤልኢዲ ላይ ነው። ሲአርአይ የሚባለው ልኬቱ ከ100 ውስጥ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ያስገባሁ ቀን፣ ለአንድ ዓመት ግራጫ ይመስለኝ የነበረው የክሪፕቶኮሪን ቅጠል ነሐስማ ቡናማ መሆኑን አየሁ።

ሁሉንም በሙሉ ኃይል አላበራም። የብርሃን መቀነሻ ያለው የኃይል ማስተካከያ ካልሆነ አትግዙ፤ ይህ የማልደራደርበት ነገር ነው። አሁን 55 ከመቶ ላይ ነው፤ ወደ 80 ዋት ማለት ነው። መሐል ወለሉ 2,700 ሉክስ፣ ማዕዘኑ 1,700 ያሳያል። በቀን ሰባት ሰዓት ስለሚበራ በወር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ፓውዛዎቹ 60 ይበሉ ነበር። ጫፍና ጫፍ ላይ አኑቢያስና የጃቫ ፈርን አሰርኩ፣ ጥላ አይጠሉም። ረጅሙን ቫሊስኔሪያ ከኋላ፣ ክሪፕቶኮሪኑን ከእንጨቱ ሥር ተከልኩ። ስጀምር በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ አበርቼ፣ አልጌ አለመነሳቱን እያየሁ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ።

ሰዓት ቆጣሪውም የራሱ ታሪክ አለው። በጥርስ የሚሽከረከረው ዓይነት ቆጣሪ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት መጥፋት የነበረበት ገንዳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በርቶ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሻላል። መብራት ጠፍቶ የባከነውን ሰዓት በማግስቱ ለማካካስም አትሞክሩ፤ ተክሉ ከጥቂት ሰዓት ጨለማ ይልቅ በመለዋወጡ ይጎዳል።

ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ናቸውና፣ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጉ፤ ጠብታ በሽቦው ተከትሎ ቢመጣ እዚያው ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያም አስገቡ። እጄን እስከ ብብቴ ድረስ በየሳምንቱ የማስገባበት ገንዳ ነው።

የመስታወት ክዳኑን በየሁለት ሳምንቱ እወለውላለሁ። ውኃው ሲተን የሚተወው ነጭ ቅርፊት ብርሃኑን እንደሚሰርቅ በመለኪያው አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ 2,700 የነበረው 2,100 ደርሶ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ክዳኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ክሪፕቶኮሪኖቹ የተኙበት ወለል 900 ብቻ አሳየ። ቀና ብዬ ሳይ የቫሊስኔሪያው ቅጠል አድጎ፣ አድጎ የውኃውን ገጽ እንደ ሰሌን ሸፍኖታል። መቀሱን አምጥቼ አንድ ባልዲ ሙሉ ቆረጥኩና ዳሳሹን መልሼ አወረድኩት። 2,600።