ዜሮ ያነበበውን የሊቲየም ባትሪ እንዴት ቀሰቀስኩት

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶም ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ከወረደ መኪናው አይነቃም፣ ቻርጅም አይቀበልም፤ በግፊም አይነሳም። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ትንሹም ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። የአሲድ ባትሪ የለመደ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሠራሁት ባለ 40 አምፒር አወር ነበር። በቀጥታ የተቀጠለ ጂፒኤስ ለሳምንታት ሲመጠው ቆይቶ ቴስተሩ 0.3 ቮልት አነበበ። የአሲድ ባትሪ ቢሆን አለቀለት ያሰኛል። በሊቲየም ውስጥ ግን ቢኤምኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ፤ ባትሪው ከተሠራባቸው ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) አንዱ ወደ 2.5 ቮልት ሲወርድ መስመሩን ይዘጋል። ስለዚህ 0.3 የሚነግረን በሩ መዘጋቱን ነው፤ ስለ ሴሎቹ ገና ምንም አላወቅንም።

መጀመሪያ አካሉን አየሁ። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚሸት ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። ኔጌቲቩን አስቀድሜ ፈትቼ አወጣሁትና ቮልቱና አምፒሩ የሚወሰን ፓወር ሰፕላይ ላይ አሰርኩት፤ 14.4 ቮልት፣ 2 አምፒር። ወዲያው ነቃ። ነቅዬ ስለካው 10.4 ቮልት። ከ8 ቮልት በታች ቢሆን አቆም ነበር፤ በጣም በወረደ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟና በኋላ ሲሞላ ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

እስከ 12 ቮልት ድረስ በ4 አምፒር፣ ከዚያ በ8 አምፒር ሞላሁት። ቮልቱ በፍጥነት 13.3 አካባቢ ደርሶ ለሰዓታት እዚያው ይቆያል፤ ባሕርይው ነው፣ አምፒር ለመጨመር አትቸኩሉ። አምፒሩ ከ2 በታች ሲወርድ ነቀልኩ፤ በአጠቃላይ ስድስት ሰዓት ያህል።

የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ካለ፣ «ሪፔር» የሚለውን ምርጫ ፈጽሞ አትንኩ። እስከ 16 ቮልት ሊገፋ ይችላል፤ የሊቲየሙ ጣሪያ 14.6 ነው። ልኬቱም ያታልላል፦ 12.8 ቮልት ለአሲድ ባትሪ ሙሉ ነው፣ ለዚህ ግን ሊያልቅ የተቃረበ። ሞልቶ ያረፈ ሊቲየም 13.3 ገደማ ያሳያል።

መንገድ ላይ ሲሆን በጃምፐር ኬብል ይቻላል። በሩን በብረት ቁልፉ ከፍቶ ኮፈኑን ማንሳት፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ ቀለም ከሌለው የቦዲ ብረት ጋር። ብርቱካናማ ኬብሎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው፣ አይነኩም። ሰጪው መኪና ሞተሩ ይጥፋ፤ እዚህ የሚፈለገው ኮምፒውተሮቹን ለመቀስቀስ የሚበቃ ጥቂት አምፒር ብቻ ነው። ከሲኖትራክ ግን አይወሰድም፣ 24 ቮልት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ፍሬን ረግጦ ማስነሳት። «ሬዲ» ሲበራ ኬብሉን በተቃራኒው ቅደም ተከተል መንቀል፣ ከዚያ ትንሹ ባትሪ ላይ መለካት፦ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ትልቁ ባትሪ እየሞላው ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደበራ ይቆይ።

በተቃራኒው፣ በኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ መኪና አታስነሱ። ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይስባል፤ ትንሹ ባትሪም ሆነ ከትልቁ ባትሪ እየወሰደ እሱን የሚሞላው ኮንቨርተር ለዚያ አልተሠሩም።

ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ክረምት ላይ ያላችሁ፣ ባትሪው ከ0 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ሳታሞቁት አትሙሉ፤ ሊቲየሙ ሴሉ ውስጥ እንደ ብረት ይለበጥና ዳግም አይመለስም። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሰጋም።

ከ12 ሰዓት እረፍት በኋላ 13.3 አነበበ። ጂፒኤሱን መኪናው ሲጠፋ አብሮ ወደሚጠፋ ፊውዝ አዛወርኩት፣ ከዚያ ባትሪውን መለስኩ፤ ፖዘቲቩን አስቀድሜ።