አጽሙ በብር፣ ቆዳው በዶላር

በአዲስ አበባ እምብርት፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በሰንጋ ተራና በለገሃር በኩል እስከ ፒያሳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ያላለቀ ነገር ያያል። አንደኛው በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ሲሆን፣ ሁለተኛው አርማታው ቆሞ፣ ፌሮው አናቱ ላይ እንደተቀሰረ የቀረ ጅምር ሕንፃ ነው። ስለ እነዚህ ቦታዎች ወሬ ሲነሳ ሁለቱን በአንድ ላይ ጨፍልቆ «ባለሀብቱ ገንዘብ አጥሮት ነው» ወይም «ዋጋ እስኪጨምር እየጠበቀ ነው» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። እኔ ግን የሥራ ቦታዬ በዚያው አካባቢ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ሳያቸው ስለኖርኩ፣ ሁለቱ የተለያየ ምክንያት ያላቸው፣ የተለያየ መፍትሔም የሚሹ ችግሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። አጥሩ ዕድሜው የሚረዝመው መጠበቅ ስለሚያዋጣ ነው፤ ጅምሩ የሚቆመው መጨረስ ስለሚያቅት ነው። የከተማው አስተዳደር ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለማስተናገድ ይሞክራል።

የአጥሩን ነገር ለመረዳት ከሕጉ መጀመር ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ግለሰብ የሚያገኘው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ይህን መብት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያስተላልፈው የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ጠንከር ያለ ቅርጽ ያዘ። በዚህ አዋጅ መሠረት በአዲስ አበባ ለንግድ የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ 60 ዓመት ሲሆን፣ ግንባታው እንደየስፋቱ ለአነስተኛው በ24፣ ለመካከለኛው በ36፣ ለከፍተኛው በ48 ወራት ውስጥ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ የተወሰነ ማራዘሚያ ተሰጥቶት ያልገነባ ሰው ቦታውን ያጣል። ወረቀቱ ላይ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ነገር መጻፍ አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ከነዚህ ወራት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚረዝም ዕድሜ ያላቸው፣ ቆርቆሯቸው ዝጎ በሌላ ቆርቆሮ የተተካላቸው አጥሮች በመሀል ከተማ መኖራቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱ አንድም ከጨረታው ይጀምራል። በሊዝ ጨረታ አሸናፊው የሚለየው 80 በመቶው በካሬ ሜትር ባቀረበው ዋጋ፣ 20 በመቶው ደግሞ በቅድሚያ እከፍላለሁ ባለው መጠን ነው። አዋጅ 721 ያስቀመጠው ዝቅተኛ ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ ቢሆንም፣ ማሸነፍ የፈለገ ሰው ከዚያ በላይ ካልጻፈ ነጥብ ያጣልና፣ ለፌሮና ለሲሚንቶ ሊውል የሚገባው ገንዘብ ገና መሠረት ሳይቆፈር ወደ ከተማው ካዝና ይገባል። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር 355,555 ብር የቀረበበት ጨረታ የከተማው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በዚያ ዋጋ መሬት የያዘ ሰው ምን ዓይነት ሱቅ፣ በምን ዓይነት ኪራይ ቢያከራይ ወጪውን እንደሚመልስ አስልቶ መድረስ ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ትርጉም የሚሰጠው ገዢው ነገ ከዚያም የሚበልጥ ዋጋ እንደሚመጣ ካመነ ብቻ ነው። ይህን ያመነ ሰው ደግሞ ለመገንባት አይቸኩልም። በዚህ ላይ የከተማው ፕላን በዋና ዋና መንገዶች ዳር ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ስለሚጠይቅ፣ አቅሙ ለሦስት ፎቅ የሆነ ነጋዴ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዲዛይን አሠርቶ ፈቃድ ለማውጣት ይገደዳል። ሦስት ፎቅ ተገንብቶ ሰው ሊሠራበት ይችል የነበረ ቦታ በዚህ መንገድ የትልቅ ዲዛይን ምስል የተለጠፈበት አጥር ሆኖ ይቀራል።

ጅምር ሕንፃው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እኔም ለባለቤቱ የማዝነው እዚህ ላይ ነው። የአንድን ፎቅ ቤት አጽም ለማቆም የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በብር የሚገኝ ነው፤ ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከደርባ ይመጣል፣ አሸዋውና ጠጠሩ የአገር ነው፣ መወጣጫው የባህር ዛፍ እንጨት ነው፣ ግንበኛውም አናጢውም የቀን ሠራተኛውም ደመወዙን በብር ይቀበላል። (ፌሮው እንኳ እዚሁ ቢመረትም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ ከዚህ ዝርዝር በከፊል ይወጣል።) የመጨረሻው ሶሌታ (የወለል አርማታ) ከተሞላ በኋላ የሚመጣው ፊኒሺንግ ግን ሊፍት፣ ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተር፣ አልሙኒየም፣ መስታወት፣ ሴራሚክና የእሳት መከላከያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። አጽሙ በብር ይቆማል፣ ቆዳው በዶላር ይገዛል። ስለዚህም ሕንፃዎቹ የሚቆሙበት ደረጃ ተመሳሳይ መሆኑ አያስገርምም፤ ብዙዎቹ እስከ አናታቸው ወጥተው፣ ብሎኬታቸው በከፊል ተደርድሮ፣ መስኮታቸው ሳይገባ የቀሩ ናቸው።

የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ለዓመታት ሲጎተት ባለቤቱ ያሰላው ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በፋብሪካ ዋጋ ማግኘት ብርቅ ሆነ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ ውሳኔ ወረፋውን ሊያቃልል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሊፍቱን በቀድሞው ተመን አስልቶ የተበደረ ሰው ዕዳውን ያሰላው በሌላ ዓለም ውስጥ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ለምን ይጀምራሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ዓይኑ እያየ እንደሚቀልጥ ያውቃል፤ ኮሎን (የአርማታ ምሰሶ) ያቆመበት ሰው ግን ሕንፃው ባያልቅም ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣለታል። እንግዲህ ከነዚህ ጅምሮች አንዳንዶቹ በትክክል ሲታዩ የተቋረጡ ግንባታዎች ሳይሆኑ የአርማታ ቁጠባ ናቸው። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ አንድ ሶሌታ ይጨምራል፣ ሲያጥረው ይቆማል፤ እሱ ራሱም «ቆሟል» አይልም፣ «እየሠራሁ ነው» ይላል፤ ከአንድ ወገን ሲታይም አልዋሸም።

የባንክ ብድር በበኩሉ ሲሰጥና ሲከለከል የኖረ ነገር ነው። የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ይገደዱ ነበር፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንብረት በማስያዝ የሚሰጥ ብድር ለጊዜው ታገደ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ የገንዘብ ፖሊሲ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ግማሽ ላይ የደረሰ ሕንፃ ፖሊሲ እስኪላላ ድረስ የሚጠብቅበት ሌላ አማራጭ የለውም። በሰንጋ ተራ አካባቢ ሳልፍ ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ እውነት አለ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የ209 ሜትሩ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃና በዙሪያው ያሉት የግል ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች መስታወታቸው አብርቶ ቆመዋል፤ አጥንታቸው የቀረው የተበዳሪዎቹ ነው።

ከገንዘብ ውጭ የሆኑ ምክንያቶችም አሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አስተዳደሩ የመርካቶን ቦታዎች በፎቅ ማልማት እንደሚፈልግ ሲያሳውቅ፣ ቦታቸውን ላለማጣት ሲሉ ተከራይ ነጋዴዎች በየንግድ ተራቸው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ይህ በእኔ ግምት ከተማዋ ካየቻቸው ብልህ መፍትሔዎች አንዱ ነው፤ ሰዎቹ ሳይፈናቀሉ ቦታው እንዲለማ አድርጓልና። ሆኖም ብዙ ባለድርሻ ባለበት ቤት ግማሹ ተጨማሪ መዋጮ ሲያወጣ ግማሹ አላወጣም ሲል፣ የመሬት ወለሉን ሱቅ ማን ይውሰድ የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ ወይም ባለድርሻ ሞቶ ወራሾች ሲጣሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። አንዴ እግድ ከወጣ ደግሞ ሚስማር መምታት እንኳ አይቻልም።

ሕጉ ራሱም መውጫ በሩን አጥብቦታል። በአዋጅ 721 መሠረት ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመብቱ የዝውውር ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ትርፍ ለመንግሥት ነው። ዓላማው የመሬት ደላላነትን መግታት ነበር፤ ዓላማውንም አልነቅፍም። ውጤቱ ግን አቅም ያጠረው ሰው አቅም ላለው በግልጽ አስተላልፎ እንዳይወጣ አደረገው። ስለዚህ ወይ አጥሮ ይጠብቃል፣ ወይ «ግማሽ ግንባታ» የሚባለው ደረጃ እስኪደርስ ብቻ ገንብቶ ገዢ ይፈልጋል፤ መሀል ከተማው ላይ የሚታየው የአርማታ ብዛት በከፊል የዚህ አንቀጽ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አስተዳደሩ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2011 ዓ.ም. ለዓመታት ታጥሮ የቆየ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት ከያዙት ነጥቆ ወደ መሬት ባንክ መልሷል። በፒያሳ በማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ እኛ በአጥርነቱ ብቻ የምናውቀው ቦታ ዛሬ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሞበታል። ይህ እንደሚቻል የሚያሳይ ነው፤ ሆኖም የተነጠቀ መሬት ሁሉ እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም። ከዚያ በኋላ የሊዝ ጨረታው ራሱ ለአምስት ዓመታት ያህል ቆሞ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከግለሰብ የተወሰደ ባዶ ቦታ ባለቤቱን ቀይሮ ባዶነቱን ቀጠለ። የመንግሥት አጥር ከግለሰብ አጥር የሚሻለው በምንድን ነው? ለግለሰቡ ቢያንስ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ጎረቤት የሚከፍለውን ማንም አያሰላም። አጥሩ የእግረኛ መንገዱን ይገፋል፤ ለቤዝመንት የተቆፈረው ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ የአጥሩ ጥግ መሽኛ ይሆናል። በአንጻሩ በጅምሩ ሕንፃ ቢያንስ ሰው ይኖርበታል፤ ምድር ቤቱ ላይ ካፌ ወይም የባንክ ቅርንጫፍ ይከፈታል፣ ዘበኛው ከነቤተሰቡ አንዱ ክፍል ውስጥ ያድራል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የታጠበ ልብስ ይንጠለጠላል። ደኅንነቱ የሚያሳስብ ቢሆንም፣ ከባዶ መሬት ይልቅ ለከተማው የሚሰጠው ነገር አለ።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ እዚህ ላይ ወሳኝ ሊሆን ይችላል፤ ታክሱ በመሬት የመጠቀም መብትም በሕንፃም ላይ የሚጣል በመሆኑ፣ ክንዱ በየትኛው ላይ ይበረታል የሚለው ጥያቄ የአጥሩን ዕድሜ ይወስናል። ሕንፃው ላይ ከከበደና መሬቱ ላይ ከቀለለ፣ የገነባ ይቀጣል፣ ያጠረ ይሸለማል። እኔ ብጠየቅ በመሀል ከተማ ባዶ መሬት ላይ በየዓመቱ እየከበደ የሚሄድ ክፍያ፣ ለጅምር ሕንፃ ግን ያለቁትን ወለሎች በከፊል ፈቃድ መጠቀም የሚያስችልና ለሌላ አልሚ በግልጽ ማስተላለፍን የሚፈቅድ አሠራር እመርጥ ነበር። በፒያሳና በካዛንቺስ ሰፊ ቦታ ፈርሶ መንገዱ አምሮ በተሠራበት በዚህ ወቅት፣ ከመንገዱ ጀርባ ያለውን መሬት ማን፣ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼ ይገነባዋል የሚለው ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ለጊዜው የሚያስፈልገው ነገር ርካሽ ነው፤ በየአጥሩ ላይ የአሠሪው፣ የአማካሪውና የኮንትራክተሩ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ ከነዚያ ስሞች በታች ፈቃዱ የተሰጠበትና ግንባታው የሚያልቅበት ቀን በግዴታ ይጻፍ፤ በተራዘመ ቁጥርም የቀድሞው ቀን ሳይፋቅ አዲሱ ከሥሩ ይጨመርበት።