መብራት ባይጠፋ ኖሮ

ደብረ ብርሃን ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። መሃሏ ሜዳ ነው። ከብርዱ በቀር ፔዳል የሚመታን ሰው የሚያስቆመው ነገር የለም። ችግሩ አቧራው ነው። በበጋ የኮረኮንቹ አቧራ ካቴናው ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱ ደግሞ ከጋራዥ ለምኖ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት ያፈስበታል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሞረድ ይሆናሉ። እኔም ሳይክል ጠጋኝ ነኝና እንጀራዬን የምበላው ከዚሁ ሞረድ ነው።

መምህሩ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአንኮበር መንገድ በኩል ያስተምራሉ። ሳይክላቸው ባለ ማርሽ ነው፤ አሮጌ ግን ጠንካራ።

«ካቴናው አርጅቷል መሰለኝ፣ እስቲ እየው» አሉኝ።

ሜትር ዘረጋሁ። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፔርኖ፣ ማለትም መጋጠሚያዎቹን ከሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ፣ መሃል ተነስተህ 24 መጋጠሚያ ስትቆጥር 304.8 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ። 308 አካባቢ ከደረሰ ያለፈበት ነው፤ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስም ይዞ ይበላል። የሳቸው 307 ገደማ ነበር። ሰው ካቴና ተለጠጠ ይላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። ፔርኖውና ፔርኖው የሚዞርበት ቀዳዳ ናቸው የሚበሉት። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የፀጉር ያህል ይላላል፤ ከመቶ በላይ ፀጉር ሲደመር ካቴናው ይረዝማል።

የኋላውን ጥርስ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁር ጭቃ ተጋግሮበታል። ጫፉ እንደ ማጭድ የጎበጠ መሰለኝ።

«መምህር፣ ይሄም መቀየሩ አይቀርም። አዲስ ካቴና ከተበላ ጥርስ ጋር አይስማማም። ዳገት ላይ ይዘልብዎታል።»

«ደሞዝ እስኪደርስ ካቴናውን ብቻ ቀይርልኝ።»

ቀየርኩ። ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር። ከጎናችን ብየዳ ቤት አለ፤ ግራይንደሩ ሲነሳ ጆሮ ይበጥሳል። ፔዳሉን በእጄ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞርኩት። ዞረ። ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ተመለሱ።

«ድምፅ አመጣብኝ። ግርርር ይላል። ዳገቷ ላይ ይዘላል ብለህ አስፈራርተኸኝ ነበር፤ አንዴም አልዘለለም። ድምፁ ብቻ ነው። ሜዳም ላይ፣ ዳገትም ላይ፣ ፔዳል እስከመታሁ ድረስ አለ።»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ሰውየው የምርመራውን ግማሽ ሠርተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የተበላ ጥርስ ሜዳ ላይ ዝም ሊል ይችላል። የሚያጋልጠው ዳገት ነው። ቆመህ ፔዳሉን ስትረግጥ ካቴናው ጥርሱ ላይ ይወጣና «ቋ» ብሎ ይዘላል፤ እግርህም አብሮ ይወርዳል። ግርርር ማለትና ቋ ማለት ለየቅል ናቸው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ካወሩት ሁሉ የገባኝ አንድ ቃል ነው፦ ድምፅ።

«ነግሬዎት አልነበር?» አልኳቸው። ደግሞ በኩራት።

መምህሩ ከሰው ተበድረው ጥርሱን ገዝተው መጡ። አሮጌውን መፍታት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ይህ ዓይነቱ ጥርስ በጥምዝ ነው የሚታሰረው፤ ፔዳል በተመታ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። መፍቻውን ሞርሳ ላይ፣ ዕቃ ጨብጦ በሚይዘው ብረት ላይ፣ አስሬ ጎማውን እንደ መሪ ይዤ ከልጁ ጋር ታገልን። በብርዱ ላብ አጠመቀን። ወጣ። አዲሱን ገጠምኩ፣ ጎማውን መለስኩ፣ ፔዳሉን አዞርኩ።

ልጁ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።

«ጋሼ፣ አሁንም አለ።»

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

«ግራይንደሩ ነው፣ አርፈህ ቁልፎቹን ሰብስብ።»

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ መብራት ጠፋ። ግራይንደሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። እጄ ፔዳሉን ማዞር አላቆመም ነበር።

ግርርር።

ልጁ ምንም አላለም። ባይናገር ይሻላል ብሎ ነው።

ያኔ ነው ቅዳሜ መሥራት የነበረብኝን ሥራ የጀመርኩት። መጀመሪያ መቁጠር። ድምፁ በፔዳሉ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ቢሆን የፊቱ ጥርስ ተጣሟል ወይም ፔዳሉ ራሱ ነው እል ነበር። በሦስት ዙር ገደማ አንዴ «ጠቅ» ቢል ደግሞ አንድ የማይታጠፍ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። የፊቱ ጥርስ 42 ቢሆን፣ 114 መጋጠሚያ ያለው ካቴና አንዴ ዞሮ ለመመለስ ከ2 ዙር ተኩል በላይ ይፈጅበታል። የኛው ግን የሚቆጠር አልነበረም። አያቋርጥም። ፔዳሉን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ አለ። ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ካቴናው ምንም ጭነት የለበትም። ማርሹን ከትልቁ ጥርስ እስከ ትንሹ ቀያየርኩ፤ አለ፣ ያው ነው።

በየትኛውም ማርሽ ቢሆን ካቴናው የማይቀርበት ቦታ ደግሞ አለ፦ ከኋላ ተንጠልጥለው ካቴናውን የሚወጥሩት ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች።

የስልኬን መብራት አበራሁ። በሁለቱ መዘውሮች መካከል፣ ማቀፊያው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ካቴናው እንዳያመልጥ የተሠራች ናት። ካቴናው በውስጧ በኩል ማለፍ አለበት። እኔ ቅዳሜ በላይዋ ነበር ያሳለፍኩት። ምላሷ ላይ አዲስ የተላጨ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ወጥቶባታል። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ፣ እስከ ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ፣ ካቴናው እሷን ሲሞርዳት ከርሟል።

ማያያዣውን በፒንሳ ፈታሁ፣ ካቴናውን ሳብኩ፣ በውስጥ አሳለፍኩ፣ መልሼ አያያዝኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፔዳሉን አዞርኩ። ምንም። እጄን ለቀቅ ሳደርግ የአዲሱ ጥርስ ጭርርታ ብቻ ተሰማ፤ እሱ ደግሞ የጤና ነው።

ከዚያ የከበደው ሥራ መጣ። መምህሩ ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ልጁን ልላክ ብዬ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። ከመሄዴ በፊት አሮጌውን ጥርስ በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ጭቃው ሲለቅ ማጭድ የመሰለኝ ጉብጠት አብሮ ታጠበ። ትንሽ ተበልቷል፤ ግን ገና ይሠራ ነበር። 308 ሳይደርስ 307 ያለኝ ሜትር ይህንን ከመጀመሪያው እየነገረኝ ነበር።

«መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ከምላሷ ጀምሬ አስረዳኋቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ታዲያ ይሄ የተበደርኩበት ጥርስ?»

«ገና አያስፈልግዎትም ነበር። ከፈለጉ አሮጌውን መልሼ አስርልዎና አዲሱን ለሱቁ እንመልሳለን።»

«ሱቁ ዘይት የነካ ዕቃ ይቀበላል?»

አይቀበልም። ሁለታችንም እናውቃለን።

የሁለቱንም ቀን የእጅ ዋጋዬን መለስኩላቸው። የጥርሱን ግማሽ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። አሮጌውን ግን በፌስታል አስጠቅልለው ወሰዱት። «ይሄኛው ሲያልቅ ይዤው እመጣለሁ፤ ያኔ መብራት ባለበት ቀን አትሥራልኝ» ብለው ወጡ። ቀልድ መሆኑን የገባኝ መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ወደ ማታ መብራት መጣ። ግራይንደሩ ተነሳ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም፣ ጋሼ» አለና አንገቱን ደፍቶ ጎማውን መንፋት ቀጠለ።