ሐረማያ ዳር ያደርንባት ሌሊት

ትናንት የድሬዳዋን ሙቀት ሸሽተን፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረማያ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተከልን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 አካባቢ። ሌሊቱን ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሲነጋ የድንኳኑ ጣሪያ በጤዛ ርሶ፣ ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ዓይኔን የሞላው ግን ውሃው ነው። ልጅ እያለሁ ይሄ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ። ለሐረር ከተማ የሚሄደው ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል፣ ሁሉም ተደማምሮ ነበር የጨረሰው። ዛሬ ወፎች አርፈውበታል።

አባባ ዳሩ ላይ ቆመው፣ ሐይቁን በድሮ ስሙ ጠርተው፣ «አለማያ ተመለሰች እኮ!» አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። እኔም እንባዬ መጣ።

ትንሽ ቆይቶ ከማዶ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተነሳ። ሆዴን ባር ባር አለኝ።