ባንድ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት፦ የጅማ ልምምድ ማስታወሻ

የመድረክ ፎቶ የሚፈልግ ይህን ይለፈው። ይህ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል፣ በአንድ አምፖል፣ ድራምና ሁለት ጊታር ለሚያነሳ ነው።

ፎቶውን ቀድሞ የሚያበላሸው አምፖሉ ነው፤ ጨለማው ይቆየን። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዑደት) ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሴኮንድ ላይ ካደረጋችሁ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ተከታዩ ጨለም ያለ ይሆናል፤ ፊት ላይም ጥቁር ሰንበር ይጋደማል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ ይጠፋል። ባንዱ ድምፅ እየቀረጸ ነው ብሎ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር የሚከፍት ብዙ ነው፤ እሱም 1/100 ላይ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ሲጨመር ግን ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) መስመር በመስመር ስለሚነበብ ፎቶው የሜዳ አህያ ይሆናል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ኸርዙ ከፍና ዝቅ ስለሚል 1/100ም ዋስትና አይሆንም። ያኔ 1/50 አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ።

መነሻችን 1/100፣ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 3200 (ለብርሃን ያለው ስሜት) ነው፤ ሁሉም በማኑዋል፣ ማለትም በእጅ። አውቶ ላይ ከተተወ ጥቁሩ አምፕሊፋየር ወደ ፍሬሙ በገባ ቁጥር ፊቱ ይነጣል። 1/100 ላይ የድራመሩ ዱላ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ፊቱ ከቆመ ይበቃል። አየር ላይ ደርቆ የቀረ ዱላ የመሣሪያ መሸጫ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።

50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም አለው። ሆኖም በክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ባለ)፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት የሚለው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ሲጠራ ጣቶቹ ይጠፋሉ። በዚያ ላይ ግድግዳው ወደ ኋላ አያስኬድም። 24 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ያለው እሱን ይያዝ። ቆሞ ከማንሳት ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ካሜራው ከተቀመጠው ድራመር ፊት ጋር ይስተካከላል፣ ክርንም ጉልበት ላይ ያርፋል።

ቀን ላይ አምፖሉን አጥፉ። የበር ብርሃንና አምፖል ሲቀላቀሉ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) ሁለቱን አንድ ላይ አያስተካክልም። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ፊት ላይ ስለሚያርፍ ተጫዋቹን ከግድግዳው ራቅ፣ ወደ በሩ ጠጋ አድርጋችሁ ጎኑን ለብርሃኑ ስጡ።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልምምዱ ይቆማል። ካሜራ የሚከደነው ያኔ አይደለም፦ ክር የሚቀይር አለ፣ ቡና የሚቆላ አለ፣ ደመናውም ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። የሚቆላው ቡና ጭስ በበሩ ብርሃን ውስጥ ያምራል፤ ሌንስ ላይ ግን ቅባት ይተዋል። መጀመሪያ በፓምፕ ንፉ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉ፤ ካልተነፋ አመዱ መስታወቱን ይጭራል።

የማን ክፍል፣ የትኛው ሰዓት እንደማይነሳ ቀድሞ ይነገር። በርጫ ላይ ያለ እንግዳ ሳይጠየቅ አይነሳም። ስም ከግራ ወደ ቀኝ እዚያው ይጻፍ። ራሱ ሙዚቀኛ የነበረው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ዲልትዝ ክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽ የተባለውን ባንድ የ1969 (እ.ኤ.አ.) አልበም ሽፋን ሲያነሳ የባንዱ ስም ገና አልተቆረጠም ነበርና ሦስቱ ሶፋው ላይ የተቀመጡት በተገላቢጦሽ ነው፦ ናሽ፣ ስቲልስ፣ ክሮስቢ። ደግመው ሊነሱ ሲመለሱ ቤቱ ፈርሶ ጠበቃቸው።

ስለ ሻጋታ፦ ሌንስ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አይክረም፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃና ሲሊካ ጄል ይበቃል። ሩዝ ብናኝ ስላለው አይሆንም። ሰማያዊው ሲሊካ ወደ ሮዝ ሲቀየር ጠግቧል ማለት ነው፤ 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ቀለሙ ይመለሳል። ሳይቀዘቅዝ ግን ከሌንሱ ጋር አይከደንም።